ከድርጎ ወደ ሆቴል፦ የእንግዳ ማረፊያ ታሪክ ከሐይቅ እስከ ፒያሳ

የኢትዮጵያን ሆቴል ታሪክ መነሻ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቆመው አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ደጃፍ ላይ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት ወደ ሰሜን ወጥቶ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀውን ሐይቅን፣ ከእሷም አለፍ ብሎ አምባሰልን ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። ሆቴል ሳይመጣ እንግዳ የት ያድር ነበር? ማን ያበላው ነበር? ወጪውስ በማን ትከሻ ላይ ይወድቅ ነበር? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ እንደዚህ አገር ጥርት ብሎ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው። ጥንታዊው ገዳም እዚህ አለ። የንጉሥ ሠፈር እዚህ ተተክሎ ያውቃል። ጣልያን የዘረጋው የመኪና መንገድም በዚሁ አቋርጦ ነው ወደ ወልድያና ወደ መቀሌ የሚሄደው።

ከገዳሙ ልጀምር። ሐይቅ እስጢፋኖስ ዛሬ በእግር የሚገባበት ልሳነ ምድር ላይ ይሁን እንጂ ቀድሞ ደሴት ነበር። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አበምኔት ሆነው ከተሾሙ ወዲህ የአገሪቱ ትልቅ የትምህርት ቦታ ሆነ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው። የገዳሙ አለቃ አቃቤ ሰዓት እየተባለ በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ቦታ የነበረው ዘመንም አለ። እንዲህ ያለ ቦታ ያለ እንግዳ አይውልም። ተማሪው ከሩቅ አገር ይመጣል፣ ተሳላሚው በዓል ጠብቆ ይመጣል፣ ተጣልቶ የሚሸሸው ደግሞ ጊዜ ሳይመርጥ ይመጣል። ገዳም ለዚህ የተዘጋጀ ሥርዓት አለው፤ የሚመግብ መጋቢ አለ፣ ለእንግዳ የተለየ ማረፊያ አለ፣ በማዕድ የቀረበው ያው መነኮሳቱ የሚበሉት ነው። ክፍያ የለም። ገደብ ግን አለ። ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም በመሆኑ ሴት ደጁን አታልፍም፤ ለሴት ተሳላሚ ማረፊያዋ ሌላ ቦታ ነው።

ወሎ የአንድ ሃይማኖት አገር አይደለምና ይህ ሥርዓት በገዳም ብቻ የተወሰነ አልነበረም። እንደ ጀማ ንጉሥ ባሉ የእስልምና የትምህርትና የዘያራ ቦታዎች መውሊድ ሲደርስ ከየአቅጣጫው የሚጎርፈው ሕዝብ የሚያድረውና የሚበላው በዚያው ነው። የመንደሩ ሰው ደግሞ በበኩሉ የመሸበትን መንገደኛ ያሳድራል። መንገደኛው ከአጥር ውጭ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካለ በሩ ይከፈትለታል፤ እግሩን ይታጠባል፣ ከመደቡ ላይ ቦታ ይለቀቅለታል። ይህ እውነት ነው፤ በገጠሩ ዛሬም ያየ ያውቀዋል። ነገር ግን የእንግዳ አቀባበላችን ታሪክ በዚህ ብቻ ካለቀ ግማሹን ብቻ ተናገርን ማለት ነው።

ሌላው ግማሽ ድርጎ ነው። ከንጉሥ ወይም ከገዥ ጋር ጉዳይ ያለው እንግዳ፣ በተለይም የውጭ አገር መልዕክተኛ፣ ሲመጣ ባልደራባ ይሰጠዋል። ባልደራባው እንግዳውን ከቤተ መንግሥቱ ጋር ያገናኘዋል፣ ጉዳዩን ያቀርብለታል፣ የሚያስፈልገውንም ያስፈጽማል። ድርጎው በትእዛዝ የሚቀርብ ስንቅ ነው፦ እንጀራ፣ ማር፣ ቅቤ፣ በግ፣ አንዳንዴ ሰንጋ፣ ለበቅሎዎቹም ገብስ። ትእዛዙ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ከገዥው ወደ ጭቃ ሹሙ ይደርሳል፣ ጭቃ ሹሙ በየጎጆው ይደለድላል፤ ከአንዱ ቤት አሥር እንጀራ፣ ከሌላው አንድ ቅል ቅቤ እያለ ይሰበስባል። እንግዳው ከነጭፍራው አንድ ሌሊት አድሮ ያልፋል። ባላገሩ ግን በነጋታው ለሌላ እንግዳ ሌላ ድርጎ ሊታዘዝ ይችላል። መንገድ ዳር መሠፈር በረከት ሳይሆን መከራ የሆነበት ዘመን ነበር ብል ማጋነን አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን የጎበኙ ብዙ የአውሮፓ ተጓዦች ስለ ድርጎ ጽፈዋል፤ አብዛኞቹ ግን የጻፉት እንጀራው ስለ ማነሱ ወይም በጉ ስለ መክሳቱ ነው። እንጀራው ከማን ቤት እንደወጣ የጠየቁት ጥቂት ናቸው።

እንግዳውም ቢሆን ሁልጊዜ ተመችቶት አልኖረም። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፍ በ1834 ዓ.ም. ከአንኮበር ተነሥቶ በወሎ በኩል ወደ ምፅዋ ሲጓዝ የሐይቅን አካባቢ አይቷል። በዚሁ ጉዞ መጀመሪያ በክብር ያስተናገደው የወሎ ገዥ አዳራ ቢሌ በኋላ አስሮ ንብረቱን ገፈፈው። ክራፍ ምፅዋ የደረሰው በየመንደሩ እየለመነ፣ ያገኘውን እየቀመሰ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱም ግማሾች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ የገዥ መስተንግዶ በገዥው ፈቃድ የተንጠለጠለ ነው፣ የደሃው መስተንግዶ ደግሞ ያለችውን ቆርሶ ማካፈል ነው። በሁለቱ መካከል ከፍለህ የምታድርበት፣ ከፍለህም መብትህን የምትጠይቅበት ቤት አልነበረም።

ከሐይቅ ወደ ሰሜን ሲኬድ አምባሰል ወረዳ ትገኛለች፤ ዋና ከተማዋ ውጫሌ ናት። በዚያው አካባቢ በይስማ ንጉሥ ሠፈር፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አጼ ምኒልክና የጣልያኑ መልዕክተኛ ኮንት አንቶኔሊ የውጫሌን ውል ተፈራረሙ። ስለ 17ኛው አንቀጽ ያልተባለ የለም፤ እኔ የማነሣው ሌላ ነገር ነው። የአገሪቱን ዕጣ የነካ ትልቅ ውል የተፈረመው በድንኳን ከተማ ውስጥ ነው። መልዕክተኛ የሚያርፈው በድንኳን፣ የሚበላው በድርጎ፣ የሚገናኘውም በባልደራባ ነበር። እንግዳ ሙሉ በሙሉ በባለቤቱ እጅ ነው፣ ባለቤቱም እንግዳውን የመቀለብ ግዴታ አለበት። እቴጌ ጣይቱ ይህን ሥርዓት ከውስጥ ሆነው ያውቁታል። የቤተ መንግሥቱ ጓዳና ግብር በእጃቸው ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሰው የሚበላበትን ማዕድ ያዘዙ ሴት ስለ እንግዳ ወጪ ሊነገራቸው አይችልም፤ እሳቸው ናቸው ለሌላው የሚነግሩት። በአገራችን የመጀመሪያውን ሆቴል ያሠሩት እኚህ መሆናቸው ለእኔ አጋጣሚ አይመስለኝም።

ከአድዋ ድል በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተለወጠ። አዲስ አበባ፣ ራሳቸው እቴጌይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ወርደው በ1879 ዓ.ም. የቆረቆሯት ከተማ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአውሮፓ መንግሥታት ተወካዮች መናኸሪያ ሆነች። ጣልያን፣ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ሩስያ ወኪል ላኩ። ነጋዴው፣ መሐንዲሱ፣ አዳኙ፣ የጋዜጣ ጸሐፊውና ሥራ ፈላጊው ተከተለ። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ መንገዱ አጠረ፣ መጪውም በዛ። ለሁሉ ባልደራባ መስጠት፣ ለሁሉ ድርጎ ማዘዝ የማይቻል ሆነ። አንድ መልዕክተኛ በዓመት ሲመጣ የሚሠራ ሥርዓት በየሳምንቱ አሥር ሰው ሲመጣ ይሰበራል። መንግሥቱም በዚያው ሰሞን ሌሎች አዳዲስ ነገሮችን እያቆመ ነበር፦ ባንክ በ1898 ዓ.ም.፣ የሚኒስትሮች ሹመት በ1900 ዓ.ም.፣ ትምህርት ቤትም ብዙም ሳይቆይ። ሆቴሉ የዚህ ሁሉ ታናሽ ወንድም ነው።

ስለ ዓመቱ አንድ ነገር ላንሣ። በእንግሊዝኛ በተጻፉ ብዙ ጽሑፎች ላይ ሆቴሉ የተሠራው በ1898 እንደሆነ ይነበባል። ይህ የኛ 1898 ዓ.ም. ነው፤ ሳይቀየር በቀጥታ ተገልብጦ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለተነበበ ቤቱ ሰባት ስምንት ዓመት አርጅቶ ቀርቧል። ሆቴሉ ተሠርቶ ሥራ የጀመረው ከ1898 እስከ 1900 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ይህ ስሕተት ሆቴሉን ከአድዋ ማግሥት ጋር ያጣብቀዋል፤ እውነቱ ደግሞ ከባንኩ፣ ከሚኒስትሮቹና ከትምህርት ቤቱ ጋር ያቆመዋል። የቤቱ ትርጉም ያለው እዚያ ነው።

ሲነገር የቆየ ታሪክ አለ። ሆቴሉ ሲከፈት መኳንንቱ አልመጣም አሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እህል በገንዘብ ገዝቶ በሰው ፊት መብላት ነውር ነበር። የከበረ ሰው ያበላል እንጂ ገዝቶ አይበላም፤ ሲበላም በጌታው ግብር ላይ በማዕረጉ ተቀምጦ ነው። ታሪኩ እንደሚለው በመጨረሻ አጼ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው ተመገቡና ሒሳብ ከፈሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ከፍለው ከበሉ ማን ያፍራል? ዝርዝሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ምን ያህል እንደተቀባ መናገር ባይቻልም፣ በውስጡ ያለው ጭንቅ ግን የእውነት ነው። ያች ሒሳብ ከምግቡ ዋጋ በላይ ናት። ንጉሡ የበሉትን በገንዘባቸው ከፈሉ፤ ለዚያች ምሳ ከማንም ጎጆ እንጀራ አልተሰበሰበም።

ቤቱ ዛሬም አለ። ከፒያሳ ግርግር ገባ ብሎ፣ ግቢው ውስጥ ሲቆሙ ፊት ለፊት የሚታየው ሰፊ በረንዳ ያለው ፎቅ ነው። ሲገቡ መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው ደረጃው ነው፤ ሰፊ የእንጨት ደረጃ፣ የስንት ሰው እጅ ያለሰለሰው መደገፊያ፣ ሲረግጡት ድምፅ የሚሰጥ ወለል። ጣራው ከፍ ያለ ነው፤ ዛሬ በየቦታው ከሚሠሩት ዝቅ ያሉ ክፍሎች የመጣ ሰው ሲገባ ሳያውቀው ቀና ይላል። በምሳ ሰዓት የጾም ቡፌው ይዘረጋል፦ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ፎሶልያው፣ ሱፍ ፍትፍቱ። የውጭ አገር ሰው ሰልፍ ይዞ ከመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሞ ሳህኑን ይሞላል። ይህን ሳይ የማስበው ስለ ግብሩ ማዕድ ነው። በግብር ላይ ማን በፊት እንደሚበላ፣ ማን ብርንዶ እንደሚደርሰው በማዕረግ ይወሰናል፤ እዚህ ግን ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ያነሣል። የአሮጌ ሆቴል ውበት በዕቃው ብቻ አይደለም። ሰው ሁሉ በከፈለው ልክ እኩል የሚስተናገድበት የመጀመሪያው ቤት መሆኑም ውበቱ ነው።

ሆቴሉ እንደ አገሪቱ ስሙን ቀያይሯል። እቴጌይቱ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ተገለሉ፤ በ1910 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ዐረፉ። ቤቱ በውጭ ዜጎች እጅ እየተዳደረ ኢምፔሪያል ሆቴል ተባለ። ያኔ በድሬዳዋ፣ በሐረርና በአዲስ አበባ የሆቴልን ሥራ የያዙት በአብዛኛው ግሪኮችና አርመኖች ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የጣልያን ጦርነት ሲቃረብ የዓለም ጋዜጠኞች ወደ አዲስ አበባ ጎረፉ፤ የከተማይቱ ጥቂት ሆቴሎችም ሞልተው ፈሰሱ። በዚያው ዓመት ጋዜጠኞቹ የዘመኑን ንጉሠ ነገሥት ተከትለው ወደ ደሴ ሲወጡ ግን ታሪኩ ወደ ውጫሌ ዘመን ተመለሰ፤ የሚያርፉበት ሆቴል አልነበረምና በሚስዮን ግቢ ድንኳን ተከሉ። ኅዳር 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ዜናውን ለዓለም ያስተላለፉት እነዚሁ የድንኳን ነዋሪዎች ናቸው። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር የምትርቅ የወሎ ዋና ከተማ፣ ከጣይቱ ሆቴል መከፈት 28 ዓመት ያህል በኋላ፣ ገና ለእንግዳዋ አልጋ አልነበራትም። ደሴ አዳራሽ አጥታ አይደለም፤ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ነበራት፤ እሱ ግን የግብር ቤት ነው። ያጣችው ከፍለው የሚያድሩበት ቤት ነው።

ያንን ያመጣው መንገዱ ነው፤ መንገዱን ያመጣው ደግሞ ወራሪው። ጣልያን በአምስቱ ዓመት ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በሐይቅ፣ በውጫሌ አድርጎ አስመራ የሚያደርሰውን አውራ ጎዳና ዘረጋ። ለጦር ብሎ ሠራው፤ ሲሄድ ግን ይዞት መሄድ አልቻለም። ለምሥራቅ አፍሪካ የሆቴል ሥራ የተቋቋመው ቺያኦ የተባለው ኩባንያቸው በትልልቅ ከተሞች ሆቴል ከፈተ። ጎንደር ላይ በኋላ እቴጌ መነን፣ ከዚያም ቴራራ የተባለው ሆቴል የዚያ ዘመን ሥራ ነው። በአነስተኞቹ ከተሞች ደግሞ አልቤርጎ በቀለ፤ ፊት ለፊቱ ቡና ቤት፣ ጓሮው ተከታታይ ክፍሎች፣ መሐሉ የመኪና ማቆሚያ። ይህ አሠራር ነፃነት ሲመለስ አልጠፋም፤ እንዲያውም በኢትዮጵያውያን እጅ፣ በተለይም በሴቶች እጅ፣ ተስፋፋ። ከደሴ እስከ ወልድያ በመንገዱ ዳር ያሉት ከተሞች የቆሙት ሹፌር በሚያድርባቸው አልቤርጎዎች ጭምር ነው። የሆቴል ታሪክ ሲጻፍ ስማቸው የማይነሣው የእነዚያ ሴቶች ሥራ ከቺያኦ ይልቅ ረዥም ዕድሜ ኖሯል።

እዚህ ላይ ዓለምን ዞር ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በአውሮፓ ከድሮዎቹ ዝነኛ ሆቴሎች አንዳንዶቹ የኖሩት በቁማር ነው። ሞናኮ የተባለችው ትንሽ ግዛት አብዛኛውን መሬቷን አጥታ ስትደኸይ ገዥዎቿ የቁማር ቤት ፈቃድ ሰጡ፤ በ1863 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኩባንያው ተቋቋመ፣ በዓመቱ ከካዚኖው አጠገብ ሆቴል ደ ፓሪ ተከፈተ። እብነ በረዱ፣ ሻንደሊየሩ፣ መስታወቱ ሁሉ የተከፈለው ከተሸናፊዎች ኪስ ነው። የአገሬው ተወላጅ ግን በካዚኖው እንዳይጫወት በሕግ ተከልክሏል፤ እንግዳው ይክሰር፣ ቤተኛው ይዳን ነው ነገሩ። ያንን የድሮ ዘመን ግርማ ሰዎች ዛሬም ከሩቅ አገር ሄደው ይጎበኙታል፤ ግርማው እውነተኛ ነው፣ ሒሳቡ ግን ደስ አይልም።

የኛዎቹ አሮጌ ሆቴሎች የቆሙት በሌላ ነገር ነው። ጨዋታ አልነበረም አልልም፤ ጥግ ላይ ካርታ የሚይዝ አይጠፋም፣ ከጣልያን የቀረው ካራምቡላ ደግሞ የስንቱን ሆቴል አዳራሽ ሞልቶት ነበር። አረንጓዴው ጨርቅ ላይ የተንጠለጠለው መብራት፣ ዙሪያውን ቆሞ የሚያየው ሰው ከሚጫወተው የሚበዛበት ማታ የብዙ ከተሞች ትዝታ ነው። ግን የሆቴሉ ገቢ ከምግብ፣ ከመጠጥና ከአልጋ ነው። መንግሥትም የዕድል ጨዋታን በ1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ሎተሪን አቋቁሞ በራሱ እጅ ያዘው። በዚህ ምክንያት ሆቴሎቻችን እብነ በረድ አላገኙ ይሆናል፤ የሰው ቤት አፍርሰው ግን አልተሠሩም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ። እኔ እንደ ክብር ነው የምቆጥረው።

በቁማሩ ፋንታ ሙዚቃ ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. የአዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎች የየራሳቸውን ባንድ ያሠሩ ነበር። ራስ ሆቴል ራስ ባንድን ያዘ፣ በኋላ አይቤክስ እዚያው ተጫወተ፤ በ1962 ዓ.ም. ግድም ሥራ የጀመረው ሂልተን ደግሞ የዋልያስ ባንድ ቤት ሆነ። ዛሬ ዓለም የኢትዮጵያ ወርቃማ የሙዚቃ ዘመን እያለ የሚያደንቀው ሥራ ብዙው የተጠናው፣ የቀረበው፣ አልፎ አልፎም የተቀዳው በሆቴል አዳራሽ ነው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ አምባሰል ነው፤ ትዝታና ባቲም በወሎ ምድር ያደጉ ናቸው። በወሎ ኮረብታ ላይ በማሲንቆ የተዜመው ቅኝት በሆቴል መድረክ ሳክስፎንና ኦርጋን ገባበት። ሙዚቀኞቹ ደመወዝ የሚያገኙበት፣ አድማጩም ከፍሎ የሚገባበት ቤት ባይኖር ያ ሁሉ ዜማ እንዲህ አይደራጅም ነበር።

የሆቴሉን ሥራ ወደ ሕዝቡ ያወረዱት ነጋዴዎችም መዘንጋት የለባቸውም። በቀለ ሞላ ከዝቅተኛ ኑሮ ተነሥተው በስምጥ ሸለቆው መንገድ ላይ ከሞጆ እስከ አርባ ምንጭ የሆቴል ሰንሰለት ዘረጉ። ድርጎ የመንግሥት ትእዛዝ ነበር፤ ጣይቱ ሆቴል የቤተ መንግሥት ሥራ ነበር፤ የበቀለ ሞላ ሆቴል ግን የአንድ ሰው ላብ ነው። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ትልልቆቹን ሆቴሎች ሲወርስ ይህ ሁሉ ተቀላቀለ። ግዮን፣ ራስ፣ ዋቢ ሸበሌ፣ ፍልውሃ በተባሉ ድርጅቶች ሥር ተከፋፈሉ፤ ደሴ ያለው አምባሰል ሆቴል በግዮን ሥር ነበር። የእቴጌይቱ ሆቴልም ስሙ ተለውጦ አውራሪስ ተባለ። የጥገና ገንዘብ የሚጠየቀው ከሩቅ መሥሪያ ቤት ስለነበር ቧንቧው ሲፈስ ከርሞ ይፈስሳል፣ ቀለሙም ይረግፋል። ሆኖም እውነቱን ለመናገር ያ ዘመን ቤቶቹን አላፈረሰም። ያ ችላ የተባሉበት ጊዜ ባይኖር ኖሮ ስንቶቹ «ዘመናዊ» ተብለው ይታደሱና ደረጃቸውና በረንዳቸው ይጠፋ እንደነበር ማን ያውቃል።

ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሑድ ዕለት ጣይቱ ሆቴል በእሳት ተያያዘ። የቤቱ አንድ ክፍል፣ ወጣቱና ሽማግሌው ሙዚቀኛ በአንድ መድረክ የሚገናኙበት ጃዛምባም ጭምር፣ ነደደ። ዋናው ቤት ግን ተረፈ፤ ሆቴሉም ተጠግኖ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ ሰባት ዓመት ሳይሞላ የሰሜኑ ጦርነት ወሎን አዳረሰ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከወልድያ እስከ ኮምቦልቻ ባለው መንገድ ያሉ ከተሞች፣ ሐይቅና ውጫሌም ጭምር፣ ሲያዙ የብዙ ሆቴሎች አልጋና ምድጃ ሳይቀር ተዘረፈ። ለዘመናት እንግዳ ያስተናገደ ምድር እንግዳውን የሚያስተኛበት አንሶላ አጣ። ባለሆቴሎቹ ግን ከባዶ ግድግዳ እንደገና ጀመሩ፤ ዛሬ በሐይቁ ዳር ተቀምጠው የዓሣ ጥብስ ያዘዙ ሰዎች ከበስተጀርባው ያለውን ያንን ልፋት ልብ ቢሉ እወዳለሁ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች ብዙዎቹ ለኮሪደር ልማት ፈረሱ። ከጣይቱ ሆቴል ጎረቤቶች አንዳንዶቹ ዕድሜያቸው ከሱ የማይተናነስ ነበሩ፤ አሁን የሉም።

አሮጌ ቤት የሚጠበቀው በአዋጅ ብቻ አይደለም። አልጋው ሲያዝ፣ ማዕዱ ሲበላ፣ ደረጃው ሲረገጥ ነው። ባለሆቴሎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ የእንግዳ መዝገባችሁን አትጣሉ። ማን መጣ፣ ከየት መጣ፣ ስንት ቀን አደረ የሚለው አሮጌ መዝገብ የከተማችሁ ታሪክ ነው፤ ለባህልና ቱሪዝም ቢሮው አስገልብጡት፣ ወይም ለወሎ ዩኒቨርሲቲ አሳዩት። የቅርስ ሥራ የያዙ መሥሪያ ቤቶችም ገዳማቱንና ቤተ መንግሥታቱን ሲመዘግቡ የመንገድ ዳር አልቤርጎዎቹን ቢያካትቱ መልካም ነው፤ ባለቤቶቻቸው ከእነ ትዝታቸው በሕይወት ያሉበት ጊዜ እያለቀ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ወደ ወሎ ስትወጣ ሐይቅ ላይ አንድ ሌሊት እደር፤ አዲስ አበባ ስትመጣ ደግሞ ጣይቱ ገብተህ ምሳህን ብላ፣ ሒሳብህንም ክፈል።